ሲንክ የተደረገ ሁሉ የተጠበቀ አይደለም

በዚህ አዳራሽ የኮምፒውተር ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተርን ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ፣ ለፎቶግራፍና ለጥናት ጽሑፍ ብቻ የምትጠቀሙ ግን ትበዛላችሁ፣ ንግግሬንም ያዘጋጀሁት ይበልጡን ለእናንተ ነው። ፋይሎቻችን በስልካችን፣ በላፕቶፓችንና በቢሮ ኮምፒውተራችን ላይ እኩል ስለታዩ ብቻ ተጠብቀዋል ብለን ተዘናግተናል ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ዓላማዬ ይህን መዘናጋት መስበር፣ ከዚያም ሲንክ ለምናደርጋቸው ፋይሎች በሩቅ ሰርቨር ላይ እውነተኛ ባካፕ እንዴት እንደሚቆም ማስረዳት ነው። መጀመሪያ ሲንክ የሚሠራውንና የማይሠራውን አያለሁ፤ ቀጥሎ ሩቅ ያለ ሰርቨር በምን ምክንያት ባካፕ ሊባል እንደሚበቃ እናገራለሁ፤ በመጨረሻም በእኛ መስመርና በእኛ መብራት ይህ ይቻላል ወይ የሚለውን አነሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ከዓመት ጋር የማነሳቸው ወሮችና ቀኖች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሲንክ ማድረግ ማለት በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ያለ ፎልደር ምንጊዜም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ድሮፕቦክስ በ2008 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ጉግል ድራይቭም በ2012 ሲከተል፣ ብዙ ሰው ፍላሽ ይዞ ከመዞር የተገላገለው በዚህ ነው። በመካከል የማንም ኩባንያ ማከማቻ ሳያስፈልግ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሲንክቲንግ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም በ2013 መጨረሻ ብቅ ብሏል። ሦስቱ በአሠራራቸው ይለያያሉ እንጂ የገቡት ቃል አንድ ነው፦ እዚህ የተለወጠው እዚያም ይለወጣል። ቃላቸውንም ይጠብቃሉ፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ከታማኝነታቸው ነው። እዚህ የተሰረዘ እዚያም ይሰረዛል፣ እዚህ የተበላሸ እዚያም ይበላሻል። አንድ ፋይል ሲጠፋ ባለቤቱ አስቦበት ይሁን ወይም ልጅ ስልኩን ሲነካካ፣ ፕሮግራሙ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሲንክቲንግ አዘጋጆች ራሳቸው ለተጠቃሚዎች ባዘጋጁት ማብራሪያ፣ ለውጥና ስረዛ ሁሉ ወደ ሁሉም መሣሪያ ስለሚተላለፍ ፕሮግራማቸው ለባካፕ የሚመች እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንላለን። ቅጂ በበዛ ቁጥር አደጋ ይቀንሳል የሚለው እምነታችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህ እምነት የሚሠራው ግን አንዱ ቅጂ ሲወድቅ ሌላው አብሮ እንዳይወድቅ ተደርጎ ከተቀመጠ ነው። ለአንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚታዘዙ አሥር ቅጂዎች፣ በዚያ ትእዛዝ ፊት እንደ አንድ ቅጂ ናቸው። የዓለማችን ትልልቅ ድርጅቶች ይህን የተማሩት በብዙ ገንዘብ ነው፤ ከሁሉም ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ በዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ በሜርስክ ላይ የደረሰው ነው። ሰፋ አድርጌ ልናገረው፣ ምክንያቱም የዛሬው ክርክሬ በሙሉ በውስጡ አለ።

በሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ ተሸሽጎ ተሰራጨ። ሜርስክ ዘንድ ከገባ በኋላ በየአገሩ ወዳሉ ኮምፒውተሮቹ ለመዛመት ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። የኩባንያው ሊቀ መንበር በኋላ ለሕዝብ እንደተናገሩት፣ በአሥር ቀን ውስጥ 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆኖባቸዋል፤ ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ እነማን እንደሆኑና ማን ምን መክፈት እንደተፈቀደለት የሚመዘግቡ 150 ያህል ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። እነዚህ ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲንክ ይደረጉ ስለነበር፣ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይተኩታል ተብሎ ይታመን ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በዚያ ቀን ግን የሆነው እሱ ነው። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በጋና ያለው። የተረፈውም ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበር ነው። የዚያ ሰርቨር ዲስክ ባይገኝ ኩባንያው መዝገቡን ከምን እንደሚጀምር አያውቅም ነበር። ከጋና ወደ እንግሊዝ በኢንተርኔት ለመላክ ደግሞ መስመሩ አልቻለም፤ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ድረስ በረረ፣ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፣ ያኛው ለንደን አደረሰው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ በዕድሉ ይደነቅና ያልፈዋል። ዕድሉን ትተን ምክንያቱን እንመርምር። የጠፉት ሰርቨሮች ከጋናው የሚለዩት በጥራትም በርቀትም አይደለም፤ ከእነሱ መካከል ከኮፐንሃገን ከጋናም ይልቅ የራቁ ነበሩ። የጋናው የዳነው ትእዛዙ በደረሰበት ሰዓት መታዘዝ ስላልቻለና የጥፋቱን ዋዜማ መልክ እንደያዘ ስለቀረ ነው። ለሩቅ ባካፕ የምፈልጋቸው ሁለት ጠባዮች እነዚህ ናቸው፦ ከእኛ ኮምፒውተር የሚመጣን የማጥፋት ትእዛዝ አለመቀበል፣ ያለፈውን ቀን ከነመልኩ መያዝ። ሜርስክ ሁለቱን ያገኘው በመብራት መጥፋት ነው። እኛ ግን አስበን ልንሠራቸው እንችላለን።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘ ፋይልን ለ30 ቀን በቅርጫት ያቆያል፣ ድሮፕቦክስም በተለመደው የግል አካውንት የቀድሞ መልኮችን ለ30 ቀን ይይዛል፣ ታዲያ ይህ አይበቃም ወይ? ጠዋት ተሰርዞ ማታ ለሚፈለግ ፋይል ይበቃል፤ ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን አብዛኛው ጉዳት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የጥቅምት ወር ሰነድ አይከፈትም እንበል። ፋይሉ የተበላሸው በኅዳር ከሆነ 30 ቀኑ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሲንክ ሲደረግ የከረመውም የተበላሸው ነው። የማስተርስ ተማሪ ከሦስት ወር በፊት የቆረጠውን ምዕራፍ አማካሪው መልሰው ሲጠይቁትም ሁኔታው ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ቅርጫቱ ያለው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ፓስወርዱን የሰረቀ ሰው ፋይሉንም ቅርጫቱንም ባዶ ማድረግ ይችላል፤ አካውንቱ በሆነ ምክንያት ቢዘጋ ሁለቱም አብረው ይዘጋሉ። ፋይሉን የሚያጠፋው እጅ ቅርጫቱም ጋ የሚደርስ ከሆነ፣ ቅርጫቱ ከአደጋው አያድንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ሩቅ ቅጂ ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ አሳብ እንዳልሆነ ለማስታወስ ከኮምፒውተር ወጣ ብዬ አንድ ትልቅ ሥራ ላንሳ። በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በየአድባራቱና በየገዳማቱ የነበሩ መጻሕፍት በሺዎች እየተቆጠሩ ተነሡ፣ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በምትባል ስፍራ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚያ ተቀምጠው ካታሎጉን አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ በአገራችን ብዙ ነገር ተለዋወጠ፤ አብዮትም ጦርነትም ዘረፋም አለፈ። በኮሌጅቪል ያለው ፊልም ግን መጽሐፉ በተነሣበት ቀን የነበረውን ገጽ ይዞ ቆይቷል። እዚህ አንድ ቅጠል ቢገነጠል ከፊልሙ ላይ የሚገነጠል ቅጠል የለም። ዛሬ ተመራማሪ በአገር ቤት ያለውን ብራና ሊያገኝ ባይችል እንኳ የያኔውን ገጽ ያነባል። የሥራው አዘጋጆች ርቀትንና የተወሰነ ቀንን አንድ ላይ አስበዋቸዋል፤ ሰርቨር ስናቋቁም ሁለተኛውን ረስተን በመጀመሪያው ብቻ መርካታችን ያሳዝነኛል።

ወደ ሰርቨሩ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር አንድ ኮምፒውተር አቁሞ፣ ሲንክቲንግ ጭኖበት፣ ፎልደሩ ከሌሎች የሚመጣውን ብቻ እንዲቀበል አድርጎ በማስተካከል ነው። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ በሰርቨሩ ላይ የሚደርስ ስህተት ወደ ላፕቶፑ እንዳይመለስ ያደርጋል። ግን መቀበል ሲባል ስረዛንም መቀበል ነው። ላፕቶፑ ላይ የጠፋው ሰርቨሩም ላይ ይጠፋል፤ እስከዚህ ድረስ ከጠፉት የሜርስክ ሰርቨሮች አልተለየንም። የሚለየን የሚቀጥለው እርምጃ ነው። በሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ተጠቃሚዎች ይኖራሉ፤ አንዱ የሲንክ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ባካፑን የሚጠብቀው። ሁለተኛው በየሌሊቱ፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የሲንኩን ፎልደር አንብቦ የዚያን ቀን መልክ ቀን በተጻፈበት ሌላ ስፍራ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ወደዚያ ስፍራ የመጻፍም የመሰረዝም ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ፣ ልጅ ፎልደሩን ቢያጠፋ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው እስከ ሲንኩ ፎልደር ድረስ ነው። የትናንቱ፣ የባለፈው ሳምንቱና የጥቅምቱ በየቦታቸው አሉ።

ይህን የሌሊት ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ ሬስቲክና ቦርግ በሰፊው ይታወቃሉ፣ ዜድኤፍኤስ ወይም ቢቲአርኤፍኤስ በተባሉት የፋይል ሥርዓቶች የተዘጋጀ ዲስክ ደግሞ የዕለቱን መልክ ማስቀረት ያስችላል። ከሁሉም የቆየው አርሲንክ ነው፤ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በአውስትራሊያ በ1996 አወጡት። የሱን ብልኃት ማወቅ ሁለት ፍርሃቶችን ስለሚያስወግድ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያው ፍርሃት ቦታ ነው፤ በየቀኑ ሙሉ ቅጂ ከተቀመጠ ዲስኩ አይሞላም ወይ? 200 ጊጋባይት ፋይል ያለው ሰው ለ30 ቀን ሙሉ ቅጂ ቢያስቀምጥ 6 ቴራባይት ይፈልጋል። አርሲንክ ግን እንዲህ እንዲሠራ ሲታዘዝ ትናንት ከነበረው ያልተለወጠውን ፋይል እንደገና አይገለብጥም፤ ያንኑ በዲስኩ ላይ ያለ ፋይል በዛሬው ፎልደር ውስጥም እንዲታይ ያገናኘዋል። በቀን የሚለወጡት ፋይሎች 300 ሜጋባይት ከሆኑ፣ 30ው ቀን የሚጨምረው 9 ጊጋባይት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ቀን ፎልደር ሲከፈት ግን ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ቀን ሲሰረዝም የሌላው ቀን አይጎድልም። ስለዚህ የየዕለቱን ለአንድ ወር፣ የየወሩን ለሁለት ዓመት፣ ሰኔ 30 የተወሰደውን ደግሞ ያለ ገደብ ማቆየት በአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይቻላል። ለመሥሪያ ቤት የምመክረው ይህን ልክ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት መስመር ነው፤ ወደ ሦስተኛው ክፍልም ያሻግረኛል። ኢንተርኔታችን ይህን ይችላል ወይ? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 200 ጊጋባይት ለመላክ ሳያቋርጡ አራት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል፤ እኛ ዘንድ ሳያቋርጥ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁለት ሳምንት ነው በሉት። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ቁጥር ነው። ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሲንክቲንግም ሆነ አርሲንክ ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ አነጻጽረው የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ስለሚልኩ፣ የቀኑ 300 ሜጋባይት ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ጭነት ደግሞ በመስመር መላክ ግዴታ አይደለም፤ ሜርስክ ከነሀብቱ ዲስክ በሰው እጅ አስይዟል። ወደ ስቶክሆልም ወይም ወደ አሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ዘመድ የተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ይዞ ቢሄድ፣ እዚያ ያለው ሰርቨር ከዚያ ተነሥቶ የዕለቱን ለውጥ ብቻ ይቀበላል። በውጭ ያለው ቤተሰብም የራሱን ፎቶግራፍና ሰነድ በአዲስ አበባ ባለው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሁለት ቤት አንዱ ለሌላው ጠባቂ የሚሆንበት ይህ አሠራር ለቤተሰብ ከሁሉ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። የወር ኪራይ የለውም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ካርድም አይጠይቅም። በኪራይ ሰርቨር ላይ ትልቁ ያልታሰበ አደጋ ክፍያ ሲቋረጥ ፋይሉ መሰረዙ ነውና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ? በ2020 በሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በትግራይ ደግሞ ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ ግንኙነት የተቋረጠው እጅግ ለረዘመ ጊዜ ነበር። ሲንኩንና የሌሊቱን ሥራ ለየብቻ ያደረግሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲንኩ መስመር በተገኘ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሰዓት አይጠብቅም። ሰርቨሩ ደግሞ ላፕቶፑ በርቶ ይሁን ጠፍቶ ሳይጨነቅ በእጁ ያለውን በየሌሊቱ ያስቀራል። የቤት መስመር ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ ባይኖረውም ሲንክቲንግ በመካከል አስተላላፊ ፈልጎ ያገናኛል፤ ያኔ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ሥራው አይቆምም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግንኙነት ለወራት የተቋረጠበት ሰው ሩቅ ያለው ሰርቨር የቀድሞውን እንጂ የዛሬውን አይጠብቅለትም። በአጠገቡ የሚሰካና የሚነቀል አንድ ሃርድ ዲስክ ያስፈልገዋል። ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ደንብ የቅርቡን ዲስክ ያልጣለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቅርቡ ይበቃል ለሚሉ ግን ሁለት እሳቶችን ላስታውስ። በመጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የሰርቨር ሕንፃ ተቃጠለ፤ አንዳንድ ደንበኞች ባካፓቸው በዚያው ስፍራ ይቀመጥ ስለነበር ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ሌሊት ወሰደባቸው። በመስከረም 26 ቀን 2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በመንግሥት የመረጃ ማእከል በባትሪ ምክንያት በተነሣ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያከማቹበት 858 ቴራባይት ጠፋ። ለዚያ ክምችት በሌላ ስፍራ ባካፕ አልነበረም፤ የተሰጠው ምክንያትም መጠኑ እጅግ ትልቅ ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ ያስቆጣኛል። ለመገልበጥ ይበዛል የተባለ ነገር ለመጥፋት አልበዛም። ሁሉን መገልበጥ ካልተቻለ ደግሞ የማይተካውን ለይቶ መገልበጥ ይቻላል፤ ከኢንተርኔት እንደገና የሚወርድ ፊልምና ፕሮግራም ቀርቶ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ይሂድ።

ምስጢርስ የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ክብደት አለውና በቸልታ አላልፈውም። ከላይ የገለጽሁት አሠራር ሰርቨሩ የፋይሎቹን ይዘት እንዲያይ ይፈቅዳል። ሰርቨሩ በወንድም ወይም በእህት ቤት ከሆነና ዲስኩ ከተቆለፈ ይህ ለቤተሰብ በቂ ነው። ከማናውቀው ኩባንያ የተከራየነው ከሆነ ግን ፋይሉ ከላፕቶፑ ሳይወጣ መመስጠር አለበት። ሲንክቲንግ ሰርቨሩ ሊያነበው በማይችል መልክ ፋይል የሚልክበት መንገድ አለው፤ ሬስቲክም ከመላኩ በፊት ሁሉን ይመሰጥራል፣ ሰርቨሩም ከላፕቶፑ መጨመርን እንጂ መሰረዝን እንዳይቀበል ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል። የሰዎችን ሕመም፣ ደመወዝ ወይም መታወቂያ የያዘ ድርጅት ደግሞ ሌላም ኃላፊነት አለበት። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል ዳታን ከአገር ማውጣት በሁኔታ የተገደበ እንዲሆን አድርጓልና፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ሩቅ ሰርቨሩን በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ ቅርንጫፉ ቢያቆም ይመረጣል። ምስጠራ ያለ ቁልፍ ግን ራስን ከራስ መዝረፍ ነው። የሬስቲክ ፓስወርድ ከጠፋ ፋይሉን ማንም አይመልሰውም። ፓስወርዱ ባካፕ በሚደረገው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከተጻፈ፣ ላፕቶፑ የጠፋ ቀን ባካፑም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በወረቀት ተጽፎ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ይቀመጥ።

ሥራ ላይ ስላለ ፋይል በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም ተከፍቶ እየተጻፈበት ሳለ የሚገለበጥ መዝገብ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የመዝገቡን ፎልደር በቀጥታ ሲንክ ከማድረግ፣ ቀን ሲያልቅ ከፕሮግራሙ ራሱ የሚወጣውን የባካፕ ፋይል ሲንክ ወደሚደረገው ፎልደር ማስገባት ይሻላል።

የቀረኝ ነጥብ፣ የተዋበ አሠራር ሁሉ የሚወድቅበት ነው። ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በጥር 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ በድካም ሰዓት በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የስረዛ ትእዛዝ ሰጥቶ 300 ጊጋባይት ያህል ዳታ አጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የባካፕ ዘዴ ነበረው፤ በዚያ ሌሊት እንደታሰበው የሠራ አልተገኘም። አንዱ በፕሮግራም ዕትም አለመጣጣም ምክንያት ቅጂ መውሰድ አቁሞ ነበር፤ ይህንን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ውድቅ እየተደረገ ስለነበር ማንም አላወቀም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ ያስቀረው ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፎታል፤ ላመሰግነው የሚገባ ነው። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ሰርቨሩ ሲሳካለት ሳይሆን ዝም ሲል ሊያስጨንቀን ይገባል፤ ከአንድ ላፕቶፕ ለሦስት ቀን አዲስ ነገር ካልደረሰው በኢሜይልም በቴሌግራምም ይንገረን፣ በአንድ መንገድ ብቻ አይተማመን። ሁለተኛው ደግሞ ባካፕ መኖሩ የሚታወቀው ፋይል ተመልሶ ሲከፈት ነው። መልእክቱ ተሳክቷል ቢልም፣ ዲስኩ ሞልቶ ቢታይም፣ ያ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ሰርቨር ለምታቋቁሙ ሁሉ የምጠይቀው ከፕሮግራሙ ምርጫ በፊት የሚመጣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ የኪራይ ከሆነ ማን እንደሚከፍል፣ በምን ስም እንደሚገባ፣ ፓስወርዱ በየትኞቹ ሁለት ስፍራዎች እንደተቀመጠ፣ ፋይል ለመመለስ ምን ምን እንደሚጻፍ በአማርኛ ይስፈርበት። የአይቲ ሠራተኛ ሥራ ይለቃል፣ የቤቱ ልጅ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ሰውም ይሞታል፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ባካፕ ከዚያ ሰው ጋር ይሄዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከጥምቀት በኋላና ሐምሌ ላይ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ሰርቨሩን ያላቋቋመ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ባዶ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጥ። ከሦስት ወር በፊት የነበረ አንድ ፎልደር ይመልስ፣ ፋይሎቹን ከፍቶ ያንብብ፣ የተደናገረበትን መስመር በወረቀቱ ላይ ያርም፣ ቀኑንና ስሙን ግርጌው ላይ ይጻፍ። ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።